አካልም አማና ነው



የዛሬው ጽሑፌ ከመጽሐፍ የለቀምኩት ወይም ከሰው የሰማሁት አይደለም። በገዛ ቤቴ የደረሰ ነው። የቤትን ገመና አደባባይ ማውጣት እንደማያስመሰግን አላጣሁትም። ይሁን እንጂ ልጄ ራሱ፣ «አባዬ፣ ጻፈው። አንድ አባት እንኳ ቢያነበው ጥቅም አለው» ስላለኝ ስሙን ሳላነሣ ልጽፈው ወሰንኩ። ከእናንተ መካከል ልጁ በር ዘግቶ መዋል የጀመረበት፣ ምን እንደነካውም ግራ የገባው ወላጅ ካለ ጽሑፉ በተለይ ለእርሱ ነው።

የምንኖረው ደሴ ከተማ ነው። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ቸርቻሪ ነኝ። በ2010 ዓ.ም. የበኩር ልጄ 12ኛ ክፍል ገባ። ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ኳስ ወዳድ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን አስቀምጦ ሜዳ ይወርዳል። መግሪብ ሲቃረብ ላቡን እየጠረገ ይመጣል። ውዱእ አድርጎ አብሮኝ ይሰግዳል፤ እናቱ ያቀረበችለትን ሙልጭ አድርጎ በልቶ፣ ጥቂት አጥንቶ፣ እንደ ድንጋይ ተኝቶ ያድራል። ይህን ሁሉ ልብ ያልኩት ግን ኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚታየኝ ፈተናው ብቻ ነበር።

«ኳስ እንጀራ አይሆንህም» እያልኩ ስነዘንዘው ከረምኩ። እንደማይተው ሳይ አንድ ቀን ኳሱንና ታኬታውን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ከሱቄ ጓዳ፣ ከጣቃዎቹ ጀርባ ሸጎጥኩት። ለቡድናቸው አሠልጣኝም፣ «ከፈተና በፊት ሜዳ ላይ እንዳላየው» ብዬ ነገርኩት። ልጁ አልተከራከረኝም። «እሺ አባዬ» አለኝ። ያ «እሺ» ምንኛ ደስ አሰኘኝ! ጨዋ ልጅ አሳድጌአለሁ ብዬ አላህን አመሰገንኩ።

ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲጋመስ ግን ልጁ ሌላ ልጅ ሆነ። ሌሊት አይተኛም፤ ቀን ግን ከአልጋ አይነሣም። ራት ሲቀርብ «በልቻለሁ» ይላል። አንዱን ገጽ ገልጦ ለሰዓታት ያፈጣል እንጂ አያነብም። ጓደኞቹ ሲመጡ «የለም በሏቸው» ማለት ጀመረ። የሱብሒ ሶላት ሲያልፈው ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀና፣ «ይህ ሁሉ ኢማንህ ስለደከመ ነው!» አልኩት። «ልክ ነህ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እናቱ ወደ ማጀት ገብታ አለቀሰች። ውድ አንባቢያን፣ በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ መልሼ ልውጠው ብችል የምመኘው ያንን ነው። ሸክም የከበደውን ሰው ሸክሙ ላይ ድንጋይ መጨመር ማለት እርሱ ነውና።

ጎረቤት አንዱ «ዓይን ነው» ሌላው «ጂን ነው» አለ። ዱዓ አስደረግን። ቁርኣን አስቀራንበት። ከዚያ በኋላ የመስጊዳችን ኡስታዝ ለብቻዬ ጠርተው፣ «ዱዓው ይቀጥል፤ ነገር ግን ልጁን ሐኪም ዘንድ ውሰደው። እግሩ ቢሰበር ወጌሻ ዘንድ አትወስደውም ነበር? ሕመምን የፈጠረ አላህ መድኃኒቱንም ፈጥሯል» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ሰው ያየኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። የአእምሮ ሕክምና ሲባል በአገራችን የሚታሰበው ልብሱን ጥሎ የሚሄድ ሰው ብቻ ነውና። ቢሆንም ወሰድኩት።

ያገኘችን በዕድሜ የእኅቴ ልጅ የምትሆን የአእምሮ ጤና ነርስ ነበረች። በመጀመሪያ እኔን ከውጭ አስቆይታ ልጁን ለብቻው አነጋገረችው። ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ትምህርቱ ጠየቀችው። ደሙም እንዲመረመር አደረገች፤ የደም ማነስም ሆነ ሌላ የሰውነት ሕመም ሰውን እንዲህ ሊያደክመው ይችላልና። በመጨረሻ እኔን አስገባችኝና፣ «አባቴ፣ ይህ የድብርት ሕመም ነው። ስንፍና አይደለም። የኢማን ማነስም አይደለም» አለችኝ። ቀጥላም በልጁ ፈቃድ አንድ ነገር ነገረችኝ። ሌሊት ሌሊት «ተኝቼ ባልነቃ ይሻል ነበር» የሚል ሐሳብ ይመላለስበት ኖሯል። ከእኔ ክፍል የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ተኝቼ ስለ ውጤቱ አሰላስል ነበር።

ከዚያ ወደ ልጁ ዞራ፣ «ከዚህ ሁሉ በፊት ሰውነትህ ቀለል የሚልህ፣ ልብህም የሚያርፈው ምን ስታደርግ ነበር?» አለችው።

«ኳስ ስጫወት።»

«ታዲያ መቼ ተውከው?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። በእኔ ላይ መናገር ይሉኝታ ይዞት ዝም አለ። ያ ዝምታ ከስድብ የከፋ ሆነብኝ። «እኔ ነኝ ያስተውኩት» አልኩ።

ነርሷ አልወቀሰችኝም። ብዙ ወላጆች ለልጆቻቸው ደግ ያደረጉ እየመሰላቸው እንዲህ እንደሚያደርጉ ነገረችኝ። ከዚያም በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ የጻፈችልን እስከ ዛሬ አለኝ። ሱብሒ ከተሰገደ በኋላ 10 ደቂቃ መራመድ፣ በሳምንት 3 ቀን። ከመውጣቱ በፊት ስሜቱ ከ10 ስንት እንደሆነ መጻፍ፣ ሲመለስም እንደገና መጻፍ። ብቻውን አለመሄድ። በየሳምንቱ እየመጡ መነጋገር። «ይህችን ብቻ?» አልኳት፤ ትንሽ ሆናብኝ ነበር። «አባቴ፣ ከአልጋ መነሣት ላቃተው ሰው 10 ደቂቃ ትልቅ ተራራ ነው። ደግሞም ደስ እስኪለው አትጠብቁ። ደስታው የሚመጣው ከተንቀሳቀሰ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም» አለችኝ። ያ የሞት ሐሳብ ከበረታ ግን ቀጠሮ ሳንጠብቅ ቀንም ሆነ ሌሊት እንድናመጣው፣ ብቻውንም እንዳንተወው፣ በቤት ውስጥ ያለ መድኃኒትና መርዛማ ነገር ሁሉ እንዲቆለፍበት አጥብቃ አስጠነቀቀችን።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ታኅሣሥ ነው። ደሴን በታኅሣሥ ለሚያውቅ ብርዱን መናገር አያስፈልግም። ከመስጊድ ወጥተን በጦሳ ተራራ አቅጣጫ ያለውን ዳገት ተያያዝነው። ጋቢዬን ተከናንቤ ከፊት ከፊት ሄድኩ። ገና ጥቂት እንደተራመድን ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ከጧት እስከ ማታ ሱቅ ተቀምጦ የሚውል ሰው ጉልበቱ የት ይገኛል? ልጄ ቆመና፣ «አባዬ፣ እንረፍ?» አለኝ። ከብዙ ሳምንት በኋላ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። ቤት ስንመለስ በወረቀቱ ላይ ያሰፈረውን አየሁ። ከመውጣቱ በፊት 2፣ ከተመለሰ በኋላ 3። አንዲት ቁጥር ናት። በሱቅ ሂሳብ ያን ያህል ትርፍ ያስደሰተኝ ጊዜ የለም።

ነገሩ በአንድ ጊዜ ተስተካከለ ብል ግን እዋሻለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ቀን አልነሣም አለ። እኔም ልቆጣ አፌን ስከፍት ባለቤቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ዝም ብዬ ወጥቼ ብቻዬን ተራምጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን በር ላይ ጫማውን አድርጎ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ቆየት ብሎም መንገድ ላይ መናገር ጀመረ። ፊት ለፊት ተቀምጠን ስጠይቀው ያልወጣው ቃል፣ ጎን ለጎን ሆነን ወደፊት እያየን ስንራመድ ወጣ። «አባዬ፣ የወሰድክብኝ ኳሱን ብቻ ይመስልሃል? ጓደኞቼን ነው። ላቤን ነው። እንቅልፌን ነው። ከዚያ በኋላ ቀኑ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ ሆነ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። «አውፍ በለኝ» አልኩት። አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቁ ክብሩን ይቀንሰዋል ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ አብሽሩ፤ አይቀንሰውም።

በአምስተኛው ሳምንት ነርሷ «አሁን ኳሱ ይመለስ» አለች። ከጣቃዎቹ ጀርባ አወጣሁት። አየሩ ወጥቶ ተጨማድዷል። ጎማ ቤት ወስጄ አስነፋሁትና ለአሠልጣኙ በራሴ እጅ ሰጠሁት። ልጁ የተሻለው ግን በኳስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የነርሷ ምክር ለወራት ቀጥሏል። እናቱ ሌሊት ሌሊት ዱዓ አላቋረጠችም። ጓደኞቹም ተመልሰዋል። እንቅስቃሴው ግን ለቀሩት ሁሉ በሩን የከፈተ ቁልፍ ነበር። የፈተናው ውጤት ስንት ሆነ ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። እሱን እዚህ አልጽፈውም። ውጤቱን እያሰብኩ ልጁን ልረሳው የደረስኩ ሰው ነኝና ደግሜ አላደርገውም።

ይህ ነገር የእኛ ቤት አጋጣሚ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኋላ ሳነብ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጡት አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ 156 የድብርት ሕሙማንን በሦስት ቡድን መደቧቸው። አንዱ መድኃኒት ወሰደ፤ ሁለተኛው በሳምንት 3 ቀን በእርምጃና በሶምሶማ ሩጫ ተንቀሳቀሰ፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አደረገ። ከ16 ሳምንት በኋላ ሦስቱም ቡድኖች በተቀራራቢ ደረጃ ተሻሽለው ተገኙ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈጠን ብሎ ያገዘው ግን መድኃኒቱ ነበር። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋምም በ2022 እ.ኤ.አ. ባደሰው መመሪያው ቀለል ላለ ድብርት በቡድን የሚደረግ የአካል እንቅስቃሴን ከሕክምና አማራጮች እንደ አንዱ ቆጥሮታል። ይህ ማለት ታማሚው መድኃኒቱን ጥሎ ይሩጥ ማለት አይደለም። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቋረጥ አይገባውም። ሕመሙ የበረታበትም እንቅስቃሴ ብቻውን አይበቃውም።

ምክንያቱስ ምንድን ነው ብትሉ፣ ድብርት ሰውን ከሥራም ከሰውም ይነጥለዋል። መነጠሉ ደግሞ መልሶ ድብርቱን ያከብደዋል። እንዲህ እያለ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይዞራል። ሰውነት ሲንቀሳቀስ ያ ዙር ይሰበራል። የደከመ ሰውነት እንቅልፍ ያገኛል። የጧት ብርሃን ዓይንን ሲነካ ቀንና ሌሊት ይለያል። «ዛሬ አንድ ነገር ፈጽሜአለሁ» የሚል ስሜት ይመጣል። አብሮ የሚራመድ ሰውም ይገኛል።

ይህ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ ትምህርት አይደለም። በ934 እ.ኤ.አ. ያረፈው አቡ ዘይድ አል-በልኺ መሳሊሑል አብዳን ወል አንፉስ በተሰኘው መጽሐፉ አንዱን ክፍል ለአካል፣ ሌላውን ክፍል ለነፍስ ጤንነት ሰጥቶ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው እንደሚጎዳ ያስተማረ ሊቅ ነው። ሐዘንንም ምክንያቱ የሚታወቅና የማይታወቅ ብሎ ለይቶ፣ ሁለተኛው ከአካል የሚመነጭ ስለሆነ በአካል በኩል መታከም እንዳለበት ጽፏል። ሺህ ዓመት አልፎታል! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያዘወትሩት ከነበሩት ዱዓዎች በአንዱም ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ሲጠበቁ፣ አቅመ ቢስነትንና ታካችነትን ወዲያው አከታትለው እንዳነሡ በሐዲስ ተዘግቧል። የልብና የአካል መክበድ ጎን ለጎን መጠራታቸውን እያወቅን ለምን ነጣጠልናቸው? ቀን እየጾመ ሌሊት ሙሉ ይሰግድ የነበረውን ወጣት ሰሓባም ሰውነቱ በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳለው አስታውሰውታል። ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር መሽቀዳደማቸውም ተዘግቧል። በዒድ ቀን በመስጊዳቸው ውስጥ በጦርና በጋሻ ይጫወቱ የነበሩት ሰዎች እነማን ነበሩ? ሐበሾች! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጨዋታቸውን አልከለከሉም። እኔ ግን ልጄን ከሜዳ ከለከልኩ።

አንዳንድ ወንድሞች «ሶላታችን ራሱ ስፖርት አይደለምን?» ይላሉ። ሶላት ኢባዳ ነው፤ የሚሰገደው ለአላህ ብቻ ነው። ሩኩዑና ሱጁዱ ሰውነትን ቢያፍታቱም ያ ትርፍ ጥቅም ነው። በቀን ለአንድ ሰዓት የመሮጥ ጉልበት ያለውን ወጣት «ሰግደሃል፤ ይበቃሃል» ብለን ከቤት ብናስቀምጠው ሶላትንም ያለቦታው፣ ልጁንም ያለሐቁ አዋልነው ማለት ነው።

አንድ ቀን ይህንን ሁሉ ለቤተሰቤ ሳብራራ ባለቤቴ፣ «መልካም ነው። ለሴቶቹስ ማን ያስባል? እኔም ጉልበቴ ከተያዘ ስንት ጊዜው!» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ጭንቀት ሴቶቻችንን አይምርም፤ ለመንቀሳቀስ ግን ለእነርሱ ቦታ አላሰብንም። አሁን እርሷና ሁለት ጎረቤቶቿ ዐሱር ሰግደው ሒጃባቸውን እንደለበሱ አብረው ይራመዳሉ። ትንሿ ልጄ ግቢ ውስጥ ገመድ ትዘላለች። ገንዘብ አላወጣንበትም። ጎረቤት የሚለው አይጠፋም፤ እያደር ግን ከጎረቤቶቹም አንዷ ተቀላቅላቸዋለች።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተማርኩትን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ልጃችሁ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ፣ ምግብና ጓደኛ ካስጠላው፣ በፊት የሚወደውንም ከተወ ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት። ስለ ሞት ካነሣ አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ። «ለማስፈራራት ነው» አትበሉ።

ሁለተኛ፣ ከትንሽ ጀምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይመክራል። ይህ መድረሻው ነው። መነሻው ግን 10 ደቂቃ ቢሆን ምንም ነውር የለውም።

ሦስተኛ፣ «ውጣ፣ ተራመድ» ብላችሁ አትዘዙ፤ አብራችሁ ውጡ። የታመመ ሰው ትእዛዝ አያነሣውም፤ ጓደኛ ግን ያነሣዋል።

አራተኛ፣ የልብ ሕመም፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። በረመዷን ሰዓቱን ለመግሪብ የቀረበ ወይም ከኢፍጣር በኋላ አድርጉት።

አምስተኛ፣ ጨዋታውን ሌላ ፈተና አታድርጉት። «ለምን አንደኛ አልወጣህም?» የሚል አባት ሜዳውንም ክፍል ያደርገዋል።

አላህ የሰጠን ገንዘብ አማና እንደሆነ በየኹጥባው እንሰማለን። አካልም አማና ነው። የልጅ አካል ደግሞ እስኪያድግ በእኛ እጅ የተቀመጠ አማና ነው። ከልቡ ጋር አንድ ላይ የተሰጠን ስለሆነ አንዱን ቆልፈን ሌላውን እንጠብቃለን ማለት አይሆንልንም።

ልጄ ዛሬ ራሱን ችሎ በሌላ ከተማ ይሠራል። ለዒድ ሲመጣ ሱብሒ ሰግደን ያንኑ ዳገት እንወጣለን። አሁን ከፊት የሚሄደው እርሱ ነው። ከላይ ቆሞ «አባዬ፣ እንረፍ?» ይለኛል። «አብሽር፤ ደርሻለሁ» እለዋለሁ።

አላህ የልጆቻችንን ልብና አካል ይጠብቅልን።